ቡናማዋ ሳምንት

ሃያ አንዱ ነጭ ነው፣ ሰባቱ ቡናማ፤
እሽጉ ጀርባ ላይ ቀስት አለ፣ መንገድ እንዳልስት በጨለማ።
ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ፤ መብራት ከሄደ ማታ
በጣቴ ዳስሼ አንዷን አወጣለሁ፣ ፎይሉን ቀድጄ በቀስታ፤
ከቢጫው ጀሪካን አንድ ጉንጭ ውኃ፤
ቧንቧው የሚመጣው ሐሙስ ነው፣ እስከዚያ ሁላችን ድኃ።
ለሁለተኛ ልጅ ቤቱም ደሞዙም ጠባብ ነው ብለን ተማክረን ነበረ፤
ምክሩ የጋራ ነው፣ ቀስቱ ግን ወደ እኔ ዞረ።

መጀመሪያ የጠፋው ሳቄ ነው።
ሶሊያና ጥርሷ ወለቀ፣ ጣሪያ ላይ ልትወረውር ሮጠች፤
«እማ፣ የኛ ጣሪያ የቱ ነው?» ብላ ኮሪደሩ መሃል ቆመች።
ከላያችን ሰው፣ ከሰው በላይ ሌላ ሰው።
ያስቃል ይኼ። እንደሚያስቅ አውቄያለሁ፤
ሳቁ ግን ከሆዴ አልተነሣም፣ ቆሜ ጠብቄያለሁ
የቃሊቲ ሚኒባስ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ሞልቶ ሲያልፍ እያየሁ።

በማግስቱ ለድስት ክዳን አለቀስኩ፤
ለእትዬ ዘርፌ «እንደምን አደርሽ» ጀርባዬን መለስኩ፤
እሷ ግን ዓይን ነው ብላ፣ ጠበል በሃይላንድ ይዛልኝ መጣች፤
ተቀብያት በር ዘጋሁ።
አምስት ብር መልስ ቢያስቀርብኝ፣ ረዳቱን ልበላው ደረስኩ፤
ይቅርታ ልለው ፈልጌ፣ አፍሬ፣ ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድኩ።
ጉም ነው እንዳልል፣ የየረር ጉም እንኳ ረፋድ ላይ ቦታ ይለቃል፤
ይኼኛው አብሮኝ ውሎ፣ ትራሴን ተካፍሎ አድሮ
ስነቃ ቀድሞኝ ይነቃል።

ከዚያ ቡናማዎቹ ይደርሳሉ፤ ብረት ብቻ ናቸው አሉ።
በሦስተኛው ቀን በር የሚንኳኳ ይመስለኛል፤ ስከፍት
እኔ ነኝ።
ከሩቅ እንደመጣ ዘመድ፣ ጫማዬን አውልቄ ወደ ቤቴ እገባለሁ፤
ያስቀየምኩትን እቆጥራለሁ፣ እትዬ ዘርፌን አቅፌ እስማለሁ።
ባለፈው የሶሊያናን ጥርስ ከብርጭቆ አውጥተን
የዘበኛው ቆርቆሮ ላይ ወረወርነው፤ እየተንከባለለ ሲወርድ ሰምተን
ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።
ሰባት ቀን።
ከዚያ አዲስ እሽግ፣ አዲስ ቀስት፣ ነጭ ሰኞ፤
እንግዳዋ ሻንጣዋን ታነሣለች።

ደርቤን ክፉ ነው አልልም። ሲኖትራክ ይነዳል፣ አሸዋ ያመላልሳል፤
አቧራው ከቅንድቡ ሳይራገፍ እንቅልፍ ይጥለዋል።
ግን አንድ ቃል አገኘ።
«የኪራዩ ብር ለምን ጎደለ?» — «ኪኒኑ ነው።»
«ሦስት ሌሊት የት አደርክ?» — «ኪኒኑ ነው።»
«እህትህ ፊት ለምን አዋረድከኝ?» — «ይኼ አንቺ አይደለሽም፣ ኪኒኑ ነው!»
ምን ዓይነት መድኃኒት ነው፣ እናንተ፣
የምውጠው እኔ፣ የሚሽረው እሱ?

ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ የመብራት ቢል ጀርባ ላይ ሦስት ወር መዝግቤ፤
ለሳቅ ክብ፣ ለለቅሶ ጭረት፣ ለዝምታ ባዶ ቦታ አስቤ።
ሲስተር መገርቱ አልሳቀችብኝም፤ ከቤት እንደተላከ ደብዳቤ
ዝቅ ብላ አነበበችው።
«ለአንዷ እንደ ውኃ ነው» አለች፣ «አንዷን ደግሞ እንደ ኮሶ ያገላብጣል፤
ላንቺ ምን እንደሆነ፣ ከዚህ ወረቀት በላይ ማን ሊነግረኝ ይችላል?»
ሉፕ አስገባችልኝ። ሆርሞን የለውም፣ መዳብ ነው። ቀስትም የለውም።

ሁለት ወር ሆነ። የድስት ክዳን የድስት ክዳን ነው።
ሳቄ ሳይጠሩት ይመጣል፣ አንዳንዴ ሰልፍ ላይ፣ ያለ ምክንያት።
ሁሉም አልሄደም ግን። አንድ ቁጣ ቀረ፣
ጉሙ ሲገፈፍ እንደ ተራራ፣ ድሮም ባለበት የነበረ።
ዞሬ አየሁት። የኔው ነው።

ዛሬ ደርቤ ይገባል።
የኪራዩን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘርግቻለሁ፤
አጠገቡ ባዶውን እሽግ፣ ሃያ ስምንቱም ክፍት።
«ኪኒኑ ነው» ሲለኝ
«የቱ?» ልለው ነው።